መድኃኒቱ ሲያልቅ ሕክምናው አያልቅም

በአገራችን ሰው ሲታመም የሚሰጠው የመጀመሪያ ምክር «ዕረፍ» የሚል ነው። ጠያቂ ይሰበሰባል፣ ትራስ ይደላደላል፣ አጥሚት ይሞቃል። በሽተኛው ከተኛበት ቀና ሊል ሲሞክር «ኧረ አትድከም!» የሚል ድምፅ ከአራቱም ማዕዘን ይመጣል። ይህ ልማድ ከርኅራኄ የመነጨ ስለ ሆነ የሚነቀፍ አይደለም። ትኩሳት ለያዘው፣ አጥንቱ ለተሰበረ፣ ደም ለፈሰሰው ሰው ዕረፍት መድኃኒት ነው። ነገር ግን ሳንባው ለብዙ ዓመት ለተጎዳና ትንፋሽ ለሚያጥረው ሰው ይኸው ምክር ያለ ልክ ሲሰጥ፣ እኛው በፍቅር እጃችን የምናቀርብለት ሁለተኛ በሽታ ይሆናል። የዛሬው ጽሑፌ ስለዚሁ ነገር ነው።

በሠፈራችን አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ነበሩ፤ ትንሽም ትልቅም «ጋሼ» ይላቸው ነበር። የሳንባ ነቀርሳ ይዟቸው ስድስቱን ወር መድኃኒታቸውን አንድ ቀን እንኳ ሳያጓድሉ ውጠው ጨረሱ። በመጨረሻው ቀን አክታቸው ተመርምሮ ከነቀርሳው ጀርም ነጻ መሆናቸው ተነገራቸው፤ በካርዳቸው ላይም መዳናቸው ተጻፈ፤ ቤተ ሰቡም ቡና አፍልቶ ደስታውን ገለጠ። የተጻፈው ሐሰት አልነበረም፤ ከነቀርሳው በእውነት ድነዋል። ዳሩ ግን ነቀርሳው ሲሄድ ጠባሳውን በሳንባቸው ውስጥ ትቶት ነበርና፣ ከቤታቸው እስከ ዋናው መንገድ ያለችውን ትንሽ አቀበት ሦስት ጊዜ ሳይቆሙ መውጣት አቃታቸው። ወደ ጤና ጣቢያው ተመልሰው ቢጠይቁ «በሽታው ጠፍቷል፤ እንግዲህ ይረፉ» ተባሉ።

እኛም ለትእዛዙ ታዛዦች ሆንን። ልጃቸው የእጅ መታጠቢያውን ውሃ እስከ መቀመጫቸው ታቀርባለች። ጋዜጣቸውን ከሱቅ የማመጣላቸው፣ በርጩማቸውን ወደ ፀሐይ የማወጣላቸው ደግሞ እኔ ነበርሁ። በመጀመሪያው ዓመት ሱቅ መሄድ ተዉ። በሁለተኛው ዓመት ቤተ ክርስቲያን መሳለም ተዉ። በሦስተኛው ዓመት ከአልጋቸው እስከ በራቸው ያለው መንገድ ራሱ አቀበት ሆነባቸው። በዚያን ጊዜ ሁላችንም «በሽታው ጸናባቸው» አልን። በኋላ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ስለ ነገሩ ሳነብና ዐዋቂዎችን ስጠይቅ ግን፣ ካደከማቸው ነገር ብዙው መቀመጣቸው እንደ ነበረ ተረዳሁ። መቀመጫውን ካቀረቡላቸውም ሰዎች አንዱ እኔ ነኝ።

ይህ የአንድ ሠፈር ታሪክ ብቻ ቢሆን ኖሮ በጋዜጣ ባልጻፍሁት ነበር። ነገር ግን ሥር የሰደደ የሳንባ በሽታ ከዓለም ታላላቅ ገዳዮች አንዱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያስታውቀው፣ በ2021 ዓ.ም. የአየር ቧንቧዎችን በሚያጠብበውና ሳንባን በሚያላሽቀው በሽታ ብቻ 3.5 ሚሊዮን ሰዎች ሞተዋል፤ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በዚህም ቁጥር በሽታው በዓለም ላይ ሰው ከሚገድሉት ምክንያቶች አራተኛውን ስፍራ ይዟል። ከሰባ ዓመት በታች ሆነው በዚህ በሽታ ከሚሞቱት መካከል ወደ 90 ከመቶ የሚጠጉት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚኖሩ ናቸው።

ምክንያቱን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በሀብታሞቹ አገሮች ዋናው ጥፋተኛ ትምባሆ ነው። በእኛ ዘንድ ከትምባሆው ይልቅ ብዙ ቤት የገባው ጢስ ነው። እናቶቻችን መስኮት በሌለው ማድ ቤት፣ ሕፃን በጀርባቸው አዝለው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ የእንጨትና የኩበት ጢስ ሲምጉ ይኖራሉ። በዚህ ላይ ኢትዮጵያ የሳንባ ነቀርሳ ከሚበዛባቸው የዓለም አገሮች አንዷ ናት። ነቀርሳው በመድኃኒት ሲጠፋ ጠባሳው፣ የተበላው የሳንባ ክፍልና የሰፋው የአየር ቧንቧ ከብዙ ሰዎች ጋር ይቀራል። ደግሞም ብዙዎቻችን የምንኖረው በደጋ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሩ ስስ ነው፤ ጤናማው ሳንባ ይህን አያስተውለውም፤ የተጎዳው ሳንባ ግን በእያንዳንዱ ደረጃ ላይ ይከፍልበታል።

አሁን ደግሞ ዕረፍቱ እንዴት እንደሚጎዳ እንመልከት። አንጥረኛ የሚጠቀምበትን ወናፍ ያየ ሰው ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል። ወናፉ አየሩን በደንብ ካልተፋ አዲስ አየር ሊስብ አይችልም። በዚህ በሽታ የሳንባው የመለጠጥና የመመለስ ኀይል ስለሚቀንስ ትናንሾቹ ቧንቧዎች ሰውየው አየር ሲያስወጣ ይከደናሉ፤ አሮጌው አየር ከውስጥ ታስሮ ይቀራል። ሰውየው ሲቸኩል ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፤ ቶሎ ቶሎ ሲተነፍስ የታሰረው አየር ይበዛል፤ የአዲሱም አየር ቦታ ይጠባል። «አየር አጣሁ» የሚለው ሰው እንግዲህ ብዙ ጊዜ ደረቱ በአሮጌ አየር የተሞላበት ሰው ነው።

ሁለተኛው ነገር ከሳንባው ውጭ ያለ ነው። ሰውየው ትንፋሽ እንዳያጥረው ይቀመጣል። ሲቀመጥ የጭኑና የባቱ ጡንቻ ይሰልላል። የሰለለ ጡንቻ ትንሽ ሥራ ለመሥራት እንኳ ቶሎ ይዝላል፤ ከጤናማውም ጡንቻ ይልቅ ብዙ ትንፋሽ ይጠይቃል። ስለዚህ ትናንት ሃምሳ እርምጃ ሄዶ ያጠረው ትንፋሽ ዛሬ በሠላሳ እርምጃ ያጥረዋል። ይህን ሲያይ ይፈራል፤ ሲፈራ የበለጠ ይቀመጣል። እንዲህ እያለ አዙሪቱ ሰውየውን እየጎተተ ከሱቅ ወደ ደጅ፣ ከደጅ ወደ አልጋ ያወርደዋል። የሳንባው ጠባሳ እንዳለ ሆኖ፣ ይህ የጡንቻ ድካም ግን ሊመለስ የሚችል ነው። ተስፋውም ያለው በዚህ ላይ ነው።

ሐኪሞችም ቢሆኑ ይህን የተረዱት ቀስ በቀስ ነው። የነቀርሳ መድኃኒት ባልነበረበት ዘመን ዋናው ሕክምና ዕረፍትና ንጹሕ አየር ነበር፤ በስዊስ አገር በዳቮስ ተራራ ሕሙማን በሰገነት ላይ ብርድ ልብስ ተከናንበው ለወራት ይተኙ ነበር። በእኛም አገር በእንጦጦ ሥር የሚገኘው የቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል ለሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን የተቋቋመ ነበር። ይሁን እንጂ በዚያው በዕረፍት ዘመን የተለየ ሐሳብ ያላቸው ሐኪሞች አልጠፉም። በ1895 ዓ.ም. በአሜሪካ የዴንቨር ከተማ ሐኪም ቻርልስ ዴኒሰን ለሳንባ ሕሙማን ስለሚሆን የሰውነት እንቅስቃሴ መጽሐፍ አሳተመ። ከ1905 ዓ.ም. ጀምሮ በእንግሊዝ አገር በፍሪምሊ የነበረው ዶክተር ማርከስ ፓተርሰን፣ የነቀርሳ ሕሙማኑን በመጠኑ እያራመደ፣ ቀጥሎም አፈር በቅርጫት እያሸከመና በአካፋ እያሠራ ኀይላቸውን ይመልስ ነበር። በ1952 ዓ.ም. አሜሪካዊው አልቫን ባራክ፣ ትንፋሽ የሚያጥራቸው በሽተኞች ኦክሲጅን እየተሰጣቸው በመራመድ እንደሚበረቱ አስተዋለ። በ1960ዎቹ ዓመታት ደግሞ ዶክተር ቶማስ ፔቲ በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ይህን ሁሉ በሥርዓት አቀናጅቶ፣ በሽተኛው ከቤቱ እየተመላለሰ የሚሠለጥንበትን ዘዴ አቋቋመ። ዛሬ የሳንባ ተሐድሶ ሕክምና የሚባለው ይኸው ነው።

ሕክምናው ምን እንደሆነ በአጭሩ ልግለጽ። በመጀመሪያ ሐኪሙ በሽታውን ይለያል፤ የሚያስፈልገውን መድኃኒት ያዛል፤ በተለይም ተላላፊ ነቀርሳ አለመኖሩን ያረጋግጣል። ቀጥሎ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ የሰውየውን ዐቅም ይለካል። መለኪያው የሚያስገርም ቀላል ነው፤ 30 ሜትር የሚሆን ደልዳላ መተላለፊያ፣ በሁለቱ ጫፎች ላይ ሁለት ምልክት፣ አንድ ሰዓትና አንድ ወንበር ይበቃል። በሽተኛው በስድስት ደቂቃ ውስጥ የቻለውን ያህል ይመላለሳል፤ የሄደው ሜትር ይጻፋል። በጣት ላይ የሚደረገው ትንሽ የኦክሲጅን መለኪያም ሲራመድ አየሩ ከደሙ ምን ያህል እንደሚቀንስ ያሳያል።

ከዚያ በኋላ ሥልጠናው ይጀመራል። ቢያንስ ለስድስት ወይም ለስምንት ሳምንት፣ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ፣ ሰውየው እንደ ዐቅሙ ይራመዳል፤ ሲደክመው ያርፋል፤ ደግሞ ይነሣል። ልኩ ትንፋሹ ጠንከር ቢልም ሰው ሲያናግረው መመለስ የሚችልበት ነው። ከወንበር ተነሥቶ መቀመጥ፣ ደረጃ መውጣትና መውረድ፣ ውሃ የተሞላ ጠርሙስ በእጅ ማንሣት ከሥልጠናው ይቆጠራሉ። በየሳምንቱ ጥቂት ይጨመራል። ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል የተባለው እዚህ ላይ በእውነት ይታያል።

ትንፋሽም ራሱ ይማራል። ባለሙያው ሰውየውን አየር በአፍንጫው እንዲስብና ትኩስ ሻይ እንደሚያበርድ ሰው ከንፈሩን አሞጥሙጦ ቀስ ብሎ እንዲያወጣ፣ ማውጣቱም ከመሳቡ ሁለት እጥፍ ያህል እንዲረዝም ያስተምረዋል። ይህ የሚከደኑትን ቧንቧዎች ክፍት አድርጎ ያቆያቸዋል፤ የታሰረውም አየር ይወጣል። ሸክም ሲያነሣ ወይም ደረጃ ሲረግጥ ትንፋሹን እንዳይቋጥር ይነገረዋል። ትንፋሽ ባጠረው ጊዜ ተቀምጦ ወደ ፊት ዘንበል እንዲልና ክንዶቹን በጭኖቹ ላይ እንዲያሳርፍ ይመከራል። አክታ ለሚያስቸግረውም፣ መነጽሩን ሊወለውል «ሃ» ብሎ እንደሚተነፍስበት ሰው አፉን ከፍቶ አየሩን እየገፋ አክታውን ሳይደክም ማውጣትን ይማራል። መድኃኒቱን በትክክል መሳብ፣ ትምባሆን መተው፣ የሚበላውን ማስተካከል፣ ከጢስ መራቅ፣ በሽታው ሲቀሰቀስ ምልክቱን ማወቅ ሁሉ የትምህርቱ ክፍል ናቸው።

ይህ ሁሉ ከተስፋ በቀር ማስረጃ አለውን? አለው። በ2015 ዓ.ም. ኮክሬን የተባለው የሳይንስ ማኅበር 65 ጥናቶችን፣ በውስጣቸውም 3,822 በሽተኞችን አንድ ላይ መረመረ። ተሐድሶውን ያገኙት በስድስት ደቂቃ ከሌሎቹ በአማካይ 44 ሜትር ያህል አብልጠው ተራመዱ፤ ትንፋሽ ማጠሩና ድካሙም ቀለለላቸው። ማስረጃው ከመብዛቱ የተነሣ የማኅበሩ አዘጋጆች፣ ተሐድሶ ከተለመደው ሕክምና ይሻላል ወይስ አይሻልም ብሎ ከእንግዲህ ሌላ ጥናት ማድረግ አያስፈልግም አሉ። በሳይንስ ዓለም እንዲህ ያለ ቃል የሚሰማው ከስንት አንድ ጊዜ ነው። አርባ አራት ሜትር በመኪና ለሚሄድ ሰው ምንም አይደለም። ከቤቱ እስከ ጎረቤቱ ደጅ ለማይደርስ ሰው ግን፣ ለቅሶ በመድረስና ለቅሶ በመቅረት መካከል ያለ ልዩነት ነው።

ወሰኑንም ሳልናገር ባልፍ አንባቢን ማታለል ይሆንብኛል። ተሐድሶ የሳንባን ጠባሳ አያጠፋም፤ የጠፋውንም የሳንባ ክፍል አይመልስም። ሥልጠናው ሲያበቃ ሰውየው ተመልሶ ከተቀመጠ ያገኘው ብርታት በወራት ውስጥ ይሟሟል። የሚሳበውን መድኃኒት ወይም ኦክሲጅኑን አይተካም። ደም የሚያስለው፣ ደረቱን የሚወጋው፣ ትኩሳት ያለው ወይም እግሩ በድንገት ያበጠ ሰው ከመራመዱ በፊት ሐኪም ዘንድ መሄድ አለበት። በዚህ ልክ ከተያዘ ግን፣ ብዙ ወጪ ሳይጠይቅ ይህን ያህል የሚረዳ ሕክምና ጥቂት ነው።

ይሁን እንጂ ሀብታሞቹ አገሮች እንኳ አልተጠቀሙበትም። በ2014 ዓ.ም. በአሜሪካ በዚህ በሽታ ሆስፒታል ተኝተው ከወጡ ወደ 197,000 ከሚጠጉ አረጋውያን መካከል፣ በሦስት ወር ውስጥ ተሐድሶ የጀመሩት 1.5 ከመቶ ብቻ እንደ ነበሩ በ2020 ዓ.ም. የታተመ ጥናት አሳይቷል። ቀድመው ከጀመሩት መካከል በዓመቱ ውስጥ የሞቱት 7.3 ከመቶ ሲሆኑ፣ ካልጀመሩት ወይም ከዘገዩት ግን 19.6 ከመቶ ሞተዋል። በእርግጥ ቀድመው የጀመሩት ከፊተኛውም የበረቱ ሊሆኑ ስለሚችሉ ልዩነቱ ሁሉ የሥልጠናው ውጤት ነው ማለት አይቻልም። ቢሆንም ከመቶ ሰው አንድ ተኩል ብቻ መጀመሩ፣ ገንዘብ ባለበትም አገር ነገሩ መረሳቱን ያስረዳል። የተረሳበትም ምክንያት ግልጽ ነው፤ መራመድ በጠርሙስ አይሸጥም።

«ይህ ለእኛ ቅንጦት ነው፤ መድኃኒቱና ኦክሲጅኑ ሳይዳረስ ስለ መራመድ ምን ይወራል?» የሚል ሰው አይጠፋም። ለዚህ ሰው መልሱ በካምፓላ ይገኛል። በኡጋንዳው ሙላጎ ሆስፒታል፣ ልክ እንደ ጋሼ ከነቀርሳ ድነው ትንፋሽ የሚያጥራቸው ሰዎች ለስድስት ሳምንት፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ ሠልጥነው፣ በ2017 ዓ.ም. በታተመው ጥናት እንደ ተገለጸው ከፊተኛው አብልጠው ለመራመድና የተሻለ ኑሮ ለመኖር በቁ። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ የሚያነጻጽረውም ሌላ ወገን አልነበረውም። ነገር ግን ሥራው በአፍሪካ ሆስፒታል፣ በአፍሪካ ዐቅም ሊሠራ እንደሚችል አስረድቷል። በ2023 ዓ.ም.ም የዓለም ጤና ጉባኤ አገሮች ሁሉ የተሐድሶን ሕክምና በጤና ሥርዓታቸው ውስጥ እንዲያጠናክሩ ወስኗል።

እኛም ባዶ እጃችንን አይደለንም። ጎንደር ዩኒቨርሲቲን የመሳሰሉ ተቋሞች የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎችን ያስተምራሉ። ችግሩ «ፊዚዮቴራፒ» ሲባል ብዙው ሰው፣ ሹሙም ጭምር፣ የወጌሻ ሥራ ብቻ እየመሰለው ወገብና ጉልበት ከማሸት አልፎ አለማየቱ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም በየቀበሌው ደጃፍ ይደርሳሉ። በሳምንት ሁለት ጊዜ ሆስፒታል ለመመላለስ የትራንስፖርት ገንዘብ ለሌለው በሽተኛ፣ ባለሙያው አንድ ጊዜ ለክቶና አስተምሮ ቢልከው፣ እርሷ በሠፈሩ ልትከታተለው ትችላለች። የነቀርሳ ሕሙማንም መድኃኒታቸውን ለመውሰድ ለስድስት ወር ወደ ጤና ጣቢያ ይመላለሳሉ። ከዚህ የበለጠ የማስተማሪያ ዕድል ከወዴት ይገኛል?

ስለዚህ የምጠይቀው ትልቅ ሕንፃ አይደለም። በነቀርሳው ካርድ መጨረሻ፣ መዳኑ ከሚጻፍበት በታች፣ አንድ መሥመር ይጨመር፤ «በስድስት ደቂቃ ስንት ሜትር ይራመዳል?» ይበል። ይህ መሥመር ባዶ ሊተው የማይችል ከሆነ ጤና ጣቢያው መለካት ግድ ይሆንበታል፤ ከለካም የደከመውን ያያል፤ ካየም ወዴት እንደሚልከው ይጠይቃል። ብዙ የመንግሥት ሥራ የተጀመረው በቅጽ ላይ ከተጨመረች አንዲት መሥመር መሆኑን በመሥሪያ ቤት ያላችሁ ወጣቶች ከእኔ ይልቅ ታውቃላችሁ። ቅጽ የምታረቁት፣ በጀት የምትደለድሉት እናንተ ናችሁ። ሙያ ገና ያልመረጣችሁ ተማሪዎችም፣ ሰውን መልሶ በእግሩ የሚያቆም ሙያ ከቀዶ ጥገናው ቢላዋ ያላነሰ ክብር እንዳለው አስቡበት።

ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ ይሻላልና፣ የማድ ቤቱን ጢስ በጭስ ማውጫና በተሻለ ምድጃ መቀነስ፣ ከትምባሆም መራቅ ከሁሉ ይቀድማል። አስቀድሞ የታመመውን ግን «ይረፉ» ብሎ መሸኘት ይብቃን። በየቤታችን ትንፋሽ የሚያጥረው አባት ወይም እናት ቢኖር፣ ሐኪም ካየላቸውና ከፈቀደላቸው በኋላ በርጩማውን ከማቅረብ ይልቅ ክንዳችንን እንስጣቸው። ዛሬ እስከ በሩ፣ በሚቀጥለው ሳምንት እስከ አጥሩ፣ በወሩ እስከ ጎረቤት ደጅ አብረን እንሂድ።

ጋሼ ዛሬ በሕይወት የሉም። ያንን አቀበት በወጣሁ ቁጥር ሦስት ጊዜ ይቆሙባቸው የነበሩትን ቦታዎች አያለሁ። በዚያን ጊዜ አጠገባቸው ቆሜ ትንፋሻቸው እስኪመለስ ጠብቄ፣ ደግሞ ጥቂት እንሂድ ብላቸው ኖሮ ምናልባት ሁለት ጊዜ ብቻ መቆም ይበቃቸው ነበር። ይህን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ሌላው ሰው ግን እንዳይዘገይ ስል ጻፍሁት።